ለአንዲት ክፍል አንድ መብራት፦ የአምፖልና የማብሪያ ማጥፊያ ዝርጋታ በካህናት መኖሪያ ቤት

ለሥራ ጉብኝት በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በተዘዋወርንባቸው ጊዜያት ደጋግሞ የቀረበልን ጥያቄ ስለ ትልቅ ፕሮጀክት አልነበረም። «ለዚህች ክፍል አንድ መብራት ብንጨምር ምን ያስፈልገናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም የሰበካ ጉባኤው ለሥራው ሁለት ዋጋ ቀርቦለት፣ አንደኛው የሌላው ሦስት እጥፍ ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ የሚያስረዳው ሰው ካጣ ርካሹን መምረጡ አይቀርም። ርካሹ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረክሰው ዓይን በማያየው ቦታ፣ ከኮርኒሱ በላይና ከግድግዳው ልስን ሥር ነው።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው አንባቢ ሁሉ ካቻቢቴ ይዞ መሰላል ላይ እንዲወጣ ብለን አይደለም። ሥራው የሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። አሠሪው የሚሠራለትን እንዲያውቅ፣ ባለሙያውን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲረዳ፣ ሲረከብም እንደ ማንኛውም ንብረት መርምሮ እንዲረከብ እንሻለን። ስለዚህም አንድ ቤት እንምረጥና ሥራውን ከመነሻው እስከ ርክክቡ እንከተለው።

የመረጥነው ቤት ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዓይነት ነው። ግድግዳው በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ በጭቃ ተመርጎ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ የሆነ፣ ሁለት ክፍል ያለው የካህን መኖሪያ ነው። በፊተኛው ክፍል መብራት አለ። በስተጀርባ ያለችው፣ ልጆች የሚተኙባትና ማታ ማታ የሚያነቡባት ክፍል ግን እስከ ዛሬ በኩራዝ ነው የምትበራው። ጨርቅ ኮርኒስ ባለበት ቤት ኩራዝ በልጆች እጅ መዋሉ አሳሳቢ ነው፤ አያያዙን ያልጠበቀ የኤሌክትሪክ ሽቦም በዚያው ኮርኒስ ላይ ሲተኛ ከኩራዙ የማይሻል እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም።

ፌዙ በማብሪያ ማጥፊያው፣ ኒውትራሉ በቀጥታ

ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገቡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፌዝ ይባላል፤ ከመሬት ጋር ሲነጻጸር 220 ቮልት ያለበትና ሰውን የሚነዝረው እርሱ ነው። ሁለተኛው ኒውትራል ነው፤ በአምፖሉ ያለፈው ኮረንቲ የሚመለስበት መንገድ ማለት ነው። ሦስተኛ ሽቦም መኖር አለበት፤ ይኸውም በግቢው ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ የሚነሣው የመሬት መስመር ነው። በደኅናው ጊዜ ምንም ኮረንቲ አይሄድበትም፤ ሥራው ብልሽት የደረሰ ዕለት ነው።

የአምፖል ዝርጋታ ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ ፌዙ በማብሪያ ማጥፊያው አልፎ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፣ ኒውትራሉ ሳይቆረጥ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ይህ ተገላብጦ ኒውትራሉ በማብሪያ ማጥፊያው ቢያልፍ አምፖሉ እንደ ወትሮው ይበራል፣ ይጠፋልም። ስሕተቱን በዓይን የሚለይ ሰው የለም። ልዩነቱ የሚታወቀው አምፖሉ ተቃጥሎ ሊቀየር በሚወጣበት ጊዜ ነው። ማጥፊያው ተጭኗል፣ ክፍሉም ጨልሟል፤ በአምፖል መያዣው ውስጥ ግን 220 ቮልት እንዳለ ተቀምጧል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ ያጋጠመን ይኸው ነው። አንድ ዲያቆን ማጥፊያውን ደጋግሞ አረጋግጦ፣ ወንበር ላይ ወንበር ደርቦ፣ የተቃጠለውን አምፖል ሊፈታ ወጣ። ጣቱ መያዣውን ሲነካ ነዘረውና ወደቀ፤ ክንዱም ተሰበረ። እኛ በደረስንበት ሰዓት የግቢው ሰው ሁሉ «አጥፍቶት ነበር እኮ» እያለ ይገረም ነበር። መያዣው ተፈትቶ ሲታይ በማብሪያ ማጥፊያው ያለፈው ኒውትራሉ ነበር። ሽቦውን የዘረጋው ሰው ሥራውን ከጨረሰ 4 ዓመት አልፎታል፤ በእነዚያ 4 ዓመታት መብራቱ አንድም ቀን አላስቸገረም ነበር።

የዚህ ስሕተት አንድ ምልክት ከኤል ኢ ዲ አምፖል ጋር መጥቶልናል። ማጥፊያው ተጭኖ ሳለ አምፖሉ በጨለማ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አንዱ ምክንያት የተቆረጠው ኒውትራሉ በመሆኑ ሊሆን ይችላል። ሌላ ምክንያትም አይጠፋም፤ ለምሳሌ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ እንዲሁ ያደርጋል። ቢሆንም ምልክቱ በታየበት ቤት ሁሉ ባለሙያ ጠርቶ ማስፈተሽ ይገባል።

የሚጠመዘዝ መያዣ ሲሆን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከመያዣው በስተ መጨረሻ መካከል ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ፌዙን፣ ዙሪያው ያለው ጥርስ ኒውትራሉን መያዝ አለበት። አምፖል ሲጠመዘዝ ጣት የሚቀርበው ወደ ጥርሱ ነውና።

ስለ ቀለም ጥቂት እንበል። በአሁኑ ልማድ ቡናማ ለፌዝ፣ ሰማያዊ ለኒውትራል፣ አረንጓዴ ከቢጫ ጋር ለመሬት ነው። በቆዩ ቤቶች ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ሆኖ ይገኛል፤ በሦስት ፌዝ መስመር ግን ጥቁሩ ራሱ ፌዝ ነው። በብዙ ቤቶች ደግሞ በዕለቱ ከሱቅ የተገኘው ቀለም ሁሉ ገብቷል። ስለዚህ ቀለም ያመለክታል እንጂ አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው መፈተሻው ነው። የመሬት መስመሩን ቀለም ግን ለሌላ አገልግሎት ማዋል በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

በመገናኛ ሣጥኑ ውስጥ

ወደ ጀርባው ክፍል የሚሄደው መስመር የሚነሣው በፊተኛው ክፍል ካለው፣ ባለሙያዎች ስካቶላ ከሚሉት መገናኛ ሣጥን ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ። ፌዙ መወሰድ ያለበት ሁልጊዜ ኮረንቲ ካለበት መስመር እንጂ ከፊተኛው ማብሪያ ማጥፊያ ተመልሶ ወደ ፊተኛው አምፖል ከሚሄደው ሽቦ አይደለም። ከዚያኛው ከተወሰደ የጀርባው ክፍል የሚበራው የፊተኛው ሲበራ ብቻ ይሆናል።

በአዲሲቱ ክፍል የራሷ መገናኛ ሣጥን ይተከላል። ወደዚህ ሣጥን ሦስት ሽቦዎች ይገባሉ፤ ፌዝ፣ ኒውትራልና መሬት። ከሣጥኑ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የሚወርዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፌዙ የሚሄድበትና የሚመለስበት። ወደ አምፖሉ የሚወጡት ሦስት ናቸው። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ አራት መገናኛዎች ይኖራሉ፦ የገባው ፌዝ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ከሚወርደው ጋር፣ ከማብሪያ ማጥፊያው የተመለሰው ወደ አምፖሉ ከሚሄደው ጋር፣ ኒውትራል ከኒውትራል ጋር፣ መሬት ከመሬት ጋር። ሣጥኑ ተከፍቶ አራት መገናኛ ካልተቆጠረ ባለሙያውን ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ደኅና ባለሙያ በጥያቄው አይቀየምም፤ እንዲያውም ሠርቶ ማሳየት ይወዳል።

መገናኛዎቹ በብሎን በሚጠብቅ ሞርሴቶ ይሠሩ። ሽቦን ከሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል፣ ይባስ ብሎም በፌስታል ማሰር፣ በየቦታው ያየነው አሠራር ነው። የላላ መገናኛ ኮረንቲው በጠባብ በር እንዲያልፍ ያስገድደዋል፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ሙቀት ይፈጠራል፤ ናስትሮው ይደርቃል፣ ይረግፋል፤ ከዚያም ራቁቱን የቀረው ሽቦ ከጆንያው ወይም ከአቡጀዲው ጋር ይገናኛል። ከቆርቆሮ በታች ያለ ኮርኒስ በበጋ ቀትር ምን ያህል እንደሚግል የምታውቁት ነው፤ ናስትሮ በዚያ ቦታ ብዙ አይቆይም።

ስለ ሽቦውና ስለ መንገዱ

ለመብራት መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ የተለመደ ነው። የመብራቱን መስመር 10 አምፔር ብሬከር ይጠብቀዋል። አንድ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል 41 ሚሊ አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በስሌት ከ200 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ አምፖሎች በአንድ 10 አምፔር መስመር ላይ ሊበሩ ይችላሉ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ አምፖል መጨመር ለመስመሩ ሸክም አይደለም። ሸክም የሚሆነው «መስመሩ ከመጣ አይቀር» ተብሎ የሚጨመረው ሶኬት ነው። 3000 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ13 አምፔር በላይ ይስባል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ ደግሞ መፍትሔ የሚመስለው በትልቅ መተካት ነው፤ ያን ጊዜ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይግላል። ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጋለት።

ከዚሁ ስሌት ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይከተላል። ከ30 ሚሊ አምፔር የሚያልፍ ኮረንቲ በደረት በኩል ሲያልፍ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ያቺ ትንሽ የ9 ዋት አምፖል የምትወስደው ከዚያ ይበልጣል። ባለ 10 አምፔር ብሬከር ግን ይህን ከቁጥር አያስገባውም፤ የተሠራው ሽቦን ከመቃጠል ለማዳን ነው እንጂ ሰውን ለማዳን አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው፣ ወደ መሬት የሚያመልጥ ኮረንቲን የሚለየው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ሁለት ዋጋ ሲቀርብላችሁ ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ እዚህ ላይ ይሆናል። የአጥቢያው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ ለጌጠኛ ማብሪያ ማጥፊያ ከሚወጣ ለዚህ ቢወጣ እንመርጣለን።

ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። በጭቃ ቤት ይህ ቅንጦት አይደለም። አይጥ የሽቦን ልባስ ትበላለች፤ ጭቃው ሲሰነጠቅና ሲታደስ መርጊያው ሽቦውን ይጎዳዋል። ከሁሉ የከፋው የቆርቆሮ ምስማር ነው። ጣሪያ ሲጠገን ከላይ የተመታ ምስማር ከማገሩ ጎን የተኛ ሽቦን ቢወጋ ቆርቆሮው በሙሉ ኮረንቲ ሊይዝ ይችላል፤ ከቆርቆሮው የታሰረ የልብስ ማስጫ ሽቦም እንዲሁ። ስለዚህ ቱቦው ከማገሩና ከወራጁ ፊት ሳይሆን ምስማር ከማይደርስበት ጎን፣ ቀጥ ባለ መስመር ይሂድ። ግድግዳ ላይም ከማብሪያ ማጥፊያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይውጣ እንጂ በአግድም አይቁረጥ፤ ያን ጊዜ ሥዕል ለመስቀል ምስማር የሚመታ ሰው ሽቦው የት እንዳለ መገመት ይችላል።

ማብሪያ ማጥፊያው ከወለሉ በግምት 1.20 ሜትር ከፍታ፣ በሩ ሲከፈት በማይሸፈንበት፣ በመያዣው በኩል ይተከል። ልጅም ሽማግሌም ገና ሲገቡ በእጃቸው እንዲያገኙት ነው።

ሥራው የሚሠራበት ቀን

ሥራው በቀን ብርሃን ይሠራ፤ ሁለት ሰው ይኑር፤ መሰላሉ ደረቅ የእንጨት መሰላል ይሁን። ዋናው ብሬከር ይጥፋ፣ በላዩም «ሰው እየሠራ ነው፤ አታብሩ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ፤ የሚቻል ከሆነ ሣጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ይሁን።

በእኛ አገር ከዚህ በላይ ሊጠነቀቁት የሚገባ አንድ ልማድ አለ። «መብራት ስለ ሄደ አሁን እንሥራው» የሚለው ነው። መብራት የሄደ ቀን ብሬከሩን ማጥፋት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ መብራቱ ግን ሳይነገር ይመለሳል፤ በሰው እጅ ውስጥ ባለ ሽቦም ይመለሳል። በግቢው ጄኔሬተር ካለ አደጋው እጥፍ ነው። ጄኔሬተርን በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር መስደድ ኮረንቲው በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ እንዲወጣና በምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሠራተኛ እንዲመታ ያደርጋል። የሁለቱን ምንጭ የሚለያይ መቀያየሪያ ያልተተከለለት ጄኔሬተር ከመስመሩ ጋር አይገናኝ።

መጥፋቱ በመፈተሻ ይረጋገጥ። አፈታተሹ ሦስት ጊዜ ነው፦ መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ፣ ቀጥሎ በሚሠራበት ሽቦ ላይ፣ በመጨረሻም እንደገና በሚታወቀው ቦታ። መካከለኛው ፍተሻ «የለም» ሲል መፈተሻው ራሱ አለመበላሸቱን የሚነግረን ይህ ነው።

ቆጣሪውንና ማኅተሙን ማንም አይንካ። እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ሆኖም በምሰሶው ላይ ጥገና ከተደረገ በኋላ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ሊታሰሩ እንደሚችሉ ማወቅ ይጠቅማል። ያን ጊዜ በቤቱ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኒውትራል ቆራጭ ይሆናል፤ በቤቱ ውስጥ ማንም ምንም ሳይነካ። ዋናው ብሬከር ፌዙንም ኒውትራሉንም በአንድነት የሚቆርጥ፣ ባለ ሁለት ፖል ቢሆን የምንመክረው ስለዚህ ነው። ከእያንዳንዱ የምሰሶ ጥገና በኋላም አንድ ፍተሻ ይደረግ።

በስጦታ ስለሚመጡ መብራቶች

በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናን ለአጥቢያቸውና ለካህናቱ መብራት ይልካሉ። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። በ220 ቮልት ላይ ሲተከል ወይ ወዲያው ይቃጠላል፣ ወይም ከመጠን በላይ ግሎ ይቆያል። በጀርባው ያለው ጽሑፍ ይነበብ፤ «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ አይተከል። የነሐስ ወይም የሌላ ብረት አካል ያለው መብራት ሁሉ የመሬት መስመሩ ከአካሉ ጋር ይታሰርለት። ክብደቱንም ሽቦው አይሸከም፤ ጨርቅ ኮርኒስማ ፈጽሞ አይሸከምም፤ መንጠቆው ከወራጁ እንጨት ይግባ።

በቤተ ልሔምና በዕቃ ቤት ለሚጨመር መብራት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ለአሁኑ ሁለት ነገር ብቻ፦ በቤተ ልሔም ዱቄትና ትነት ስላለ መያዣው የተዘጋ፣ ጠብታና ብናኝ የማያስገባ ይሁን። ብራናና አልባሳት ባሉበት ዕቃ ቤት የድሮው ባለ ክር አምፖል አይግባ፤ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ነውና።

ርክክብ

ባለሙያው ከመሄዱ በፊት፣ ክፍያው ከመጠናቀቁም በፊት፣ ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው በተገኘበት እነዚህ ይታዩ። አምፖሉ ወጥቶ ማጥፊያው ተጭኖ ሳለ ባለሙያው በመያዣው ውስጥ ሲፈትሽ መፈተሻው በሁለቱም ቦታ መብራት የለበትም። ማብሪያው ሲጫን በመካከለኛው ምላስ ላይ ይበራል፣ በጥርሱ ላይ አይበራም። በሞርሴቶው የታሰረ ሽቦ ሁሉ በቀስታ ሲሳብ አይወጣም። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ብሬከር ካለ የመፈተሻ ቁልፉ ሲጫን ወዲያው ይወድቃል፤ ይህንን የቤቱ ሰው በየወሩ ራሱ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያም አምፖሉ ገብቶ ለአንድ ሰዓት ይብራ፤ የማብሪያ ማጥፊያው ክዳን በእጅ ጀርባ ሲነካ ሙቀት ከተሰማ ሥራው አልተፈጸመም።

በመጨረሻም በብሬከሩ ላይ የየትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይጻፍበት፤ ሽቦው የተዘረጋበት መንገድ፣ የሽቦው መጠን፣ የተሠራበት ቀንና የባለሙያው ስም በአጥቢያው የንብረት መዝገብ ይስፈር። ከ4 ዓመት በኋላ ጣሪያውን ሊጠግን የሚመጣው ሰው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንን ገጽ ነው።